ያገለገለ ስካነር ሬዲዮ ጎጃም ላይ ምን ይሰማበታል? (ሪያሊስቲክ ፕሮ-2006 ልገዛ ነው)

የጣናው ልጅ (ባሕር ዳር)

ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ያገለገለ ስካነር ሬዲዮ አግኝቻለሁ። ፊቱ ላይ «ሪያሊስቲክ ፕሮ-2006» ይላል። የጠረጴዛ ነው፣ ቁልፉ ብዙ ነው። ሻጩ ከአሜሪካ የመጣ ዘመዱ ትቶለት የሄደው እንደሆነ ነግሮኛል። በ15 ሺህ ብር ጀምሯል፤ ትንሽ ብንጨቃጨቅ እንደሚወርድ ፊቱ ያስታውቃል።

«400 ቻናል ነው፤ ፖሊስ በለው፣ አውሮፕላን በለው፣ የሞባይል ወሬ በለው፣ የማያመጣው የለም» ይላል። እኔ የሰው ወሬ አያምረኝም። አውሮፕላን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁ። ሰፈሬ ከኤርፖርቱ ብዙ አይርቅም፤ ሊያርፍ ሲል ጎማው ሲወርድ ይታየኛል። ፓይለቱ ምን እንደሚል መስማት እፈልጋለሁ፣ ሌላ ጉዳይ የለኝም።

ቅዳሜ ሄጄ ላየው ተቀጣጥረናል። ምን ምኑን ልፈትሽ? ዋጋውስ እንዴት ነው?

ዝም ያለ (ፍኖተ ሰላም)

የሬዲዮ ዶንግል (ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ ትንሽ መቀበያ) ግዛ፣ ላፕቶፕህ ላይ ሰካ፣ አለቀ።

የጣናው ልጅ

ላፕቶፕ ቢኖረኝማ መች እዚህ እለፈልፍ ነበር ብሮ!

ጋሽ ሞገድ (ደብረ ማርቆስ)

የጣናው ልጅ፣ እንደምን ዋልክ። ዕቃዋ መናኛ አይደለችም። ጃፓን ሠራሽ ናት። በፈረንጅ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሬዲዮ ሻክ የሚባለው የአሜሪካ መደብር በሪያሊስቲክ ስም ይሸጣት ነበር። በዘመኗ ከስካነሮች ሁሉ ከፊት የምትሰለፍ ናት። ከዋጋው በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ ጎጃም ላይ ሆነህ ምን ትሰማባታለህ?

ስካነር የተሠራው ለአሜሪካ ከተማ ነው። እዚያ ፖሊሱም፣ እሳት አደጋውም፣ ባቡሩም በየራሱ ፍሪኩዌንሲ ያወራ ነበር። ሬዲዮዋ ቻናሎቹን በየተራ እየነካካች ታልፍና የሚናገር ያገኘችበት ላይ ትቆማለች። በሰከንድ ወደ 26 ቻናል ትነካለች። እኛ ጋ ያን ያህል የሚናገር የለም። ስለዚህ 400 ቻናል የሚለው ነገር አያማልልህ። ለአንተ አምስትም ይበዛሃል።

አንተ ጋ የሚሰማው አውሮፕላን ነው። ከ118 እስከ 137 ሜጋ ኸርዝ፣ በኤኤም። «በኤኤም» ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ብዙ ሰው የእጅ መገናኛ ሬዲዮ ገዝቶ በኤፍኤም 120 ላይ ከፍቶ «አይሰማም» ይላል። አይሰማማ! ፓይለት በኤፍኤም አያወራም። ፕሮ-2006 «ሞድ» የሚል ቁልፍ አላት፤ ኤኤም፣ ጠባብ ኤፍኤም፣ ሰፊ ኤፍኤም እያልክ ትቀያይርባታለህ። ይህ ቁልፍ የሌላቸው ስካነሮች ሞልተዋል።

አሁን ወደሚያቃጥለው ልምጣ። ይህች ሬዲዮ የተሠራችው ለ120 ቮልት ነው። የእኛ መብራት 220 ነው። የአሜሪካ ስፒና ጠፍጣፋ ጥርሱ እኛ ዲቫይደር ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል። ከገባ ደግሞ ወይ ፊዩዝ ወይ ትራንስፎርመር ይሄዳል። ስለዚህ ሻጩ «ቆይ ልሰካልህና እይ» ሲልህ እጁን ያዘው። ጀርባዋ ላይ ለ13.8 ቮልት ዲሲ የሚሆን ቀዳዳ አላት። መኪና ላይም ትሠራለች ማለት ነው። 12 ቮልት ባትሪ ይዘህ ሂድ። ከመሰካትህ በፊት ቀዳዳው አጠገብ የተሳለውን የፕላስና የማይነስ ምልክት ተመልከት፤ በግምት እንዳታገናኝ።

አፍንጫህንም ይዘህ ሂድ። ክዳኑ ላይ ባለው የአየር መግቢያ ጠጋ ብለህ አሽትት። የተቃጠለ ትራንስፎርመር ሽታው ቶሎ አይለቅም። ከሸተተህ ግን አትሽሽ። በዲሲ ከሠራች ትራንስፎርመሩ ለአንተ ምንም አያደርግልህም፤ ዋጋ ማስቀነሻ አድርገው።

የቡሬው (ሜሪላንድ)

ጋሼ ሁሉን ብለውታል። እኔ እዚህ ካለው አንጻር አንድ ሁለት ነገር ልጨምር።

ሻጩ ስለ ሞባይል የሚለው ተረት ነው። ድሮ አናሎግ ሞባይል እያለ ስካነር ንግግር ይጠልፍ ነበር፣ እውነት ነው። ለዚህም ነው ፕሮ-2006 ከፋብሪካ ስትወጣ በ800ዎቹ ሜጋ ኸርዝ ያለው የሞባይል ክፍል የተዘለለባት። በፈረንጅ 1994 ደግሞ እዚህ አገር ሞባይል የሚሰማ ስካነር መሥራትም ማስገባትም ተከለከለ። አናሎግ ሞባይሉ ራሱ ከ2008 ወዲህ እየተዘጋ አለቀ። አሁን ያለው ዲጂታል ነው፣ በቁልፍ የተቆለፈ ነው፣ በዚያች ሬዲዮ ብትከፍተው እንደ ንብ ይንዛል እንጂ ቃል አይወጣውም።

ፖሊሱም እንደዚያው። መጀመሪያ ትራንኪንግ የሚባል አሠራር መጣ፤ አንዱ ንግግር ከቻናል ቻናል ይዘላል፣ አሮጌው ስካነር መሃል ላይ ይጠፋበታል። ከዚያ ፒ25 የሚባለው ዲጂታል መጣ። አሁን ብዙ ከተማ ላይ ጭራሽ ተመስጥሯል። እዚህ ሰዉ አሮጌ ስካነሩን ከጋራዡ አውጥቶ በርካሽ የሚለቀው ለዚህ ነው። ስትደራደር ይህን ንገረው።

አውሮፕላን ግን እዚህም እዚያም ያው አናሎግ ኤኤም ነው። የድሮ ስካነር አሁንም እንደ አዲስ የሚሠራበት ቦታ ይኸው ነው።

መምህርት ሞጣ

የጣናው ልጅ፣ ባትሪውን አገናኝተህ ስትከፍተው የምታደርገው ፈተና አለኝ። ፊዚክስ ስለማስተምር ትንሽ ቁጥር ይበዛብሃል፣ ቻለኝ።

መጀመሪያ 96.9ን በሰፊ ኤፍኤም ክፈት። ባሕር ዳር ኤፍኤም ጥርት ብሎ ከመጣ ሬዲዮው በሕይወት አለ። ድምፁ ከተንሿሿ አንቴናውን ነካ ነካ አድርግ። ሲነካ የሚመጣና የሚጠፋ ከሆነ የአንቴናው መሰኪያ ላልቷል ወይም ብየዳው ለቋል።

ሁለተኛ 118.3ን በኤኤም ክፈት። ለምን 118.3? ከ118.3 ላይ 96.9ን ቀንስ፤ 21.4 ይመጣል። ርካሽ የአውሮፕላን ባንድ ሬዲዮዎች ውስጣቸው የሚሠሩበት መካከለኛ ፍሪኩዌንሲ 10.7 ነው፣ የእሱ እጥፍ 21.4 ነው። እንዲህ ያለው ሬዲዮ 118.3 ላይ ሆኖ 96.9ን ያመጣልሃል። ኢሜጅ ይሉታል። ዘፈኑ ተንሻፎና ተሰባብሮ ይሰማል፣ ፓይለቱ ከሥሩ ይቀበራል። ባሕር ዳር ላይ አነስተኛ ሬዲዮ ገዝቶ «አውሮፕላን ባንድ ላይ ዘፈን ያመጣል» የሚል ሰው ካጋጠመህ ነገሩ ይኸው ነው።

ፕሮ-2006 ላይ ይህ ሊሆን አይገባም። የመጣላትን ምልክት መጀመሪያ ወደ 610 ሜጋ ኸርዝ ከፍ አድርጋ ነው ወደታች የምትመልሰው። በዚህ የተነሳ ኢሜጇ በጣም ሩቅ ይሄዳል። ስለዚህ 118.3 ላይ ጸጥታ ወይም ተራ ሹሹታ ከሰማህ ጥሩ ነው። ዘፈን ከሰማህ ወይ የፊተኛው ክፍሏ ተነክቷል ወይ ማሰራጫው አጠገብ ቆመሃል።

ሦስተኛ ላይኛውን ክፍል ለማየት ከ935 እስከ 960 ያለውን ቦታ ፈልግ። የሞባይል ማማ ካለበት አካባቢ ከሆንክ የቡሬው ያለው ዓይነት ንዝናዜ ትሰማለህ። ወሬ አይደለም፣ ትርጉም የለውም። ግን ሬዲዮዋ እስከዚያ ድረስ ጆሮ እንዳላት ያሳይሃል።

የጣናው ልጅ

መምህርት፣ እግዜር ይስጥልኝ። 118.3 ቁጥሯን እጄ ላይ ጽፌአታለሁ።

አንድ ጥያቄ፤ የኤርፖርቱን ፍሪኩዌንሲ አላውቅም። ሬዲዮዋ ራሷ ትፈልገው የለ?

መምህርት ሞጣ

ትፈልጋለች፣ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ከ118 እስከ 137 በ12.5 ኪሎ ኸርዝ እርምጃ ብታስፈልጋት 1520 ቦታ ነው። በሰከንድ 26 ብትነካ አንድ ዙር ወደ አንድ ደቂቃ ይፈጅባታል። ፓይለት የሚናገረው ደግሞ ለጥቂት ሰከንድ ነው። እሷ 132 ላይ ስትዞር እሱ 119 ላይ ተናግሮ ጨርሷል። ለዚህ ነው «ሦስት ሰዓት ከፍቼ ምንም አልሰማሁም» የሚባለው።

መፍትሔው ከ118 እስከ 122 ብቻ አድርገህ በመጀመር አውሮፕላን የሚያርፍበትን ሰዓት መጠበቅ ነው። ያገኘኸውን ሜሞሪ ውስጥ አስገባ። ከዚያ ፍለጋውን ትተህ ያጠራቀምካቸውን ብቻ ስካን አድርግ። ሦስት አራት ቻናል ብቻ ሲሆን በሰከንድ ውስጥ ደጋግማ ትመለስበታለች፣ አንድ ቃል አያመልጥህም። «ዲሌይ» የሚለውንም ክፈተው። ፓይለቱ ተናግሮ ሲጨርስ ሁለት ሰከንድ ያህል ትጠብቅና የኤርፖርቱን ማማ መልስ ይዛልህ ትሄዳለች።

121.5ንም ለብቻ አስገባ። በዓለም ሁሉ የአደጋ ጥሪ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ነው፣ ዝም ይበል።

ዳንግላ 12 ቮልት

ሶላር ነው የምሠራው፤ የባትሪውን ነገር ለእኔ ተዉት። የሞተር ሳይክል ባትሪ ይበቃዋል፣ ሲሞላ ከ12 ተኩል በላይ ይሰጣል፣ ሬዲዮዋ በዚያ ደህና ትሠራለች። መሃል ላይ ፊዩዝ አስገባ።

ቤትህ ሶላር ካለ ግን ተጠንቀቅ። ርካሹ ቻርጅ ኮንትሮለር ሬዲዮ ጠላቱ ነው። ኢንቨርተርማ አትጠይቀኝ። ኤልኢዲ አምፖልም፣ የስልክ ቻርጀርም ያንጫጫሉ። ሬዲዮህ «ዘዘዘ» ካለ ሬዲዮዋን ከመሳደብህ በፊት ቤት ውስጥ ያለውን ነገር አንድ በአንድ እየነቀልክ ስማ። መብራት የሚጠፋበት ቀን ለእኛ ሰርግ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጸጥ ይላል። መብራት ኃይልን የሚያመሰግን ሰው ካለ ሬዲዮ ሰሚ ብቻ ነው።

የደጀኑ

ወንድሞቼ፣ ሁላችሁም ስለ ዕቃው ታወራላችሁ። ስለ ሕጉ ማን ያውራ?

የሬዲዮ መሣሪያና የፍሪኩዌንሲ ጉዳይ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ሥልጣን ነው። በአዋጅ 1148/2011 የተቋቋመ ነው። ከዚያ በፊት የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ 761/2004 ደግሞ ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ማስገባትንም መሸጥንም፣ የሰው ንግግር መጥለፍንም በወንጀል ያያል። «ዘመዴ ትቶልኝ ሄደ» የሚል ዕቃ ስትገዛ መጀመሪያ በምን ወረቀት ገባ ብለህ ጠይቅ። ከውጭ ሊያስመጣ የሚያስብ ካለም ጉምሩክ ላይ ከመጨቃጨቅ አስቀድሞ ባለስልጣኑን ይጠይቅ።

ሻጩ «ፖሊስ ይሰማል» እያለ የሚሸጠው ነገር ዕዳ ነው የሚሸጥልህ። ጊዜውን ታውቀዋለህ። ጣራ ላይ አንቴና ተክለህ፣ ማታ ማታ ኤርፎን አድርገህ «አውሮፕላን እየሰማሁ ነው» ብትል ማን ያምንሃል? ጎረቤትህ ራሱ ምን እንደሚል እንጃ።

ዝም ያለ

የደጀኑ ዛሬ አስፈራራን። እውነቱን ነው ግን።

ጋሽ ሞገድ

የደጀኑ ልክ ነው። እኔም አንድ ነገር ልጨምር። ማኅበር አለ። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ክበብ ጣቢያው አዲስ አበባ 5 ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ቴክኖሎጂ ግቢ ውስጥ ነው፤ መጠሪያው ኢቲ3ኤኤ። ነገሩ በሕግና በወረቀት እንዴት እንደሚሄድ የሚያውቁ ሰዎች እዚያ ታገኛለህ። የሰማኸውን መቅዳትና ቴሌግራም ላይ መለጠፍ የሚባለውን ደግሞ እርሳው ልጄ።

እንጅባራ ፈረስ

ይቅርታ ክሩን ላበላሽባችሁ። እኔ ጋ ያለው የእጅ ነው። ዩኒደን ቤርካት ቢሲ-200ኤክስኤልቲ። አይበራም። ይጣል?

ጋሽ ሞገድ

ኧረ አትጣል! ያቺ ጠንካራ ናት። የማትበራው ባትሪዋ ሞቶ ነው። ከታች የምትነቀለው የባትሪ ሳጥን 7.2 ቮልት ናት፤ ውስጧ ስድስት የኒኬል ካድሚየም ሴሎች በተርታ ተበይደዋል። በዚህ ዕድሜ የሚሠሩ ሴሎች አታገኝም። ሳጥኗን በቀስታ ፈልቅቀህ ስድስት አዲስ የሚሞሉ ሴሎች አስበይድባት። ብየዳውን የሚያውቅ ሰው ይሥራው፤ ስታኞው ሴሉ ላይ ብዙ ከቆየ ሴሉን ይገድለዋል።

የቤርካቷ ሞድ መቀየሪያ የላትም። አውሮፕላን ባንድ ላይ ራሷ ኤኤም ትሆናለች፣ ሌላው ላይ ኤፍኤም። ለአንተ ፍላጎት ይበቃል። 96.9ን ግን አታመጣም፤ ከ54 ወደ 118 ነው የምትዘልለው። ስለዚህ የመምህርትን ፈተና አታድርግባት፣ «ተበላሽቷል» ብለህ ትደነግጣለህ።

ክሪስታል የሚገባባቸው፣ በፈረንጅ የ70ዎቹ ስካነሮች የሚሸጥላችሁ ካለ ደግሞ ለጌጥ ካልሆነ አትግዙ። ለእያንዳንዱ ቻናል አንድ ክሪስታል ይፈልጋሉ፤ ያንን ደግሞ ጎጃም ላይ ቀርቶ አዲስ አበባም አታገኙም።

መምህርት ሞጣ

እኔ ከስካነር ሌላ መንገድ አለኝ። የድሮ ሶኒ አይሲኤፍ-2001ዲ። አሜሪካ 2010 ብለው ነው የሸጡት። ስካነር አይደለም፤ ግን አጭር ሞገዱን ሁሉ ይይዛል፣ ከ116 እስከ 136 የአውሮፕላን ባንድም አለው። ኤስኤስቢ የሚባለውን የአጭር ሞገድ ንግግር መቀበያም አለው። 11300 ኪሎ ኸርዝ ላይ የኤስኤስቢውን የላይኛውን ጎን አድርገህ ብትከፍት በአፍሪካ ሰማይ ላይ የሚሄዱ አውሮፕላኖች ከሩቅ የበረራ መቆጣጠሪያ ጣቢያዎች ጋር ሲነጋገሩ ይሰማል። ሞጣ ቁጭ ብለህ ሱዳንና ግብፅ ላይ ያለውን ትከታተላለህ። የቪኤችኤፉ ስካነር (ከ118 እስከ 137 ያለውን የሚሰማው) ይህን ፈጽሞ አያደርግም፤ ከፊቱ ተራራ ከቆመ አለቀለት።

ይህን ሶኒ ስትገዙ የምታዩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ድንጋዩ ነው። ሦስት ትልልቅ ድንጋይና ሁለት ትንንሽ ድንጋይ ይፈልጋል። ትንንሾቹ ለሰዓቱና ለአንጎሉ ናቸው። ሻጩ ትልልቆቹን ብቻ አስገብቶ «አይሠራም፣ ስለዚህ በርካሽ ልልቀቅልህ» ካለህ ዝም ብለህ ግዛና ሁለት ትንሽ ድንጋይ ጨምርበት።

ሁለተኛው ይብሳል። ኤፍኤሙ ጥርት ብሎ፣ አጭር ሞገዱ ግን ደንቁሮ ካገኛችሁት መግቢያው ላይ ያለች ትንሽ ትራንዚስተር ተቃጥላለች። ውጭ አንቴና ተሰክቶበት በስታቲክ ወይም በመብረቅ የሄደች ናት። የታወቀ በሽታ ነው። መቀየር ይቻላል፣ ግን ዕቃውን ማግኘት ሥራ ነው። ፈተናው ቀላል ነው፤ ማታ 6090 ላይ አድርጋችሁ የአማራ ሬዲዮን ፈልጉ፣ ከዚያ ግራና ቀኙን ዙሩ። አጭር ሞገድ ማታ ማታ ገበያ ነው። ጭር ካለባችሁ አትግዙ።

የቡሬው (ሜሪላንድ)

መምህርት፣ ያ ሶኒ እዚህም ዋጋው አልወረደም። ስካነሩ በርካሽ ሲሄድ እሱ ተፈላጊ ነው። ያረጀው ዕቃው ሳይሆን የሚሰማው ነገር ነው የሚያስብለው ለዚህ ነው።

የሳተላይት ፎቶ ለመቀበል ስካነር የሚፈልግ ካለም ይስማ። በ137 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ፎቶ ይልኩ የነበሩት ሦስቱ የአሜሪካ የአየር ሁኔታ ሳተላይቶች፣ ኖአ 15፣ 18 እና 19፣ በፈረንጅ 2025 ሦስቱም ተዘግተዋል። የድሮ ጽሑፍ አንብባችሁ ለዚያ ብላችሁ እንዳትገዙ። የጠፈር ጣቢያው በ145.8 ግን አለ፤ ጠባብ ኤፍኤም ነው፣ ሲያልፍ ቢበዛ አሥር ደቂቃ ያህል ነው የሚቆየው።

የጣናው ልጅ

ተመለስኩ። ቅዳሜ አይቼዋለሁ። እንዳለ ልንገራችሁ።

ሻጩ ገና ስገባ ሊሰካ ገመዱን ይዞ ተነሳ። ጋሼ እንዳሉኝ እጁን ያዝኩት። ለካ ገመዱ አንዴ ተቆርጦ በፕላስተር ተጠግኗል። ክዳኑ ላይ አሸተትኩ፤ የተቃጠለ አይሸትም፣ አቧራ ብቻ ነው። ከሥሩ ያሉት ብሎኖች ሁለቱ ጭንቅላታቸው ተልጧል። ካቻቢቴ የገባበት ሰው አለ ማለት ነው። ሲጠየቅ «አላውቅም» አለ።

ከኋላ የ9 ቮልት ባትሪ የሚገባበት ትንሽ በር አለ። ከፈትኩት። ድሮ የገባው ባትሪ እዚያው ነው ያለው፣ አፉ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት አውጥቷል። አንዷ ሽቦ በዱቄቱ ተበልታ በክር ነው የቀረችው።

የዳንግላውን ምክር ይዤ የጎረቤቴን የሞተር ባትሪ ተውሼ ነበር። አገናኘሁት፣ በራ። ዲስፕሌዩ ላይ አንዷ ቁጥር ጎኗ አይበራም፤ 8ቷ 6 ትመስላለች። የድምፁ ቁልፍ ሲዞር «ክርርር» ይላል። 3 ቁጥርን ጠንከር አድርጌ ካልተጫንኩ አይቀበልም።

96.9 እንደ መስታወት ነው። 118.3 ሹሹታ ብቻ፣ ዘፈን የለም። 940 ላይ የንቡን ድምፅ አገኘሁት። ከዚያ ከ118 እስከ 122 ፈልግ አልኩት። ሻጩ ሻይ አዘዘልኝ። ሻዩ ሳይመጣ ቆመች! አንዱ በእንግሊዝኛ ቁጥር ሲቆጥር ሰማሁ፣ ሌላው ቁጥሩን መልሶ ደገመለት። ትንሽ ቆይቶ አውሮፕላኑ በላያችን አለፈ። ሻጩ ከእኔ በላይ ደነገጠ፤ «እንዲህም ይላል እንዴ?» አለኝ።

አልገዛሁትም ገና። 12 ሺህ ደርሷል። ስንት ልበለው?

ጋሽ ሞገድ

ጎበዝ ልጅ ነህ። ያየኸውን በሁለት እንክፈለው፤ የሚያስፈራና የማያስፈራ።

የድምፁ ቁልፍ አያስፈራም፣ አቧራ ነው። ኮንታክት ስፕሬይ ትንሽ ነፍተህ ደጋግመህ ብታዞረው ይድናል። 3 ቁጥርም ያው ነው፤ ከጎማው ሥር ያለው ጥቁር ነገር ቆሽሿል። ከፍተህ በንጹሕ አልኮል በጥጥ ትጠርገዋለህ። የፋርማሲውን ነው ያልኩህ፤ አረቄ እንዳታፈስበት!

የባትሪው በር ትንሽ ሥራ አለው። ያ ዱቄት ከባትሪው የፈሰሰ ነው። በጥጥ አቼቶ ነክረህ ብረቱን ብቻ አብስ፣ ሰሌዳው ላይ እንዳይንጠባጠብ። ከዚያ በአልኮል አድርቅ። የተበላችውን ሽቦ ቀይር። ይህ ባትሪ ሜሞሪውን የሚያቆየው ነው፤ ካልሠራ ከኃይል ምንጯ በነቀልካት ቁጥር የሞላኸው ሁሉ ይጠፋል። ባትሪውንም በየዓመቱ ቀይረው፤ እንደገና እንዳይፈስብህ።

የዲስፕሌዩ ጎን የባሰ ነው። ላይድን ይችላል። ዛሬ አንድ ሰረዝ ናት፣ ነገ ሌላዋ ልትከተል ትችላለች። ይህችን ሬዲዮ ደግሞ በዓይንህ ካላየህ ፍሪኩዌንሲ አታስገባም። የተላጡት ብሎኖችም አሉ። ሳትገዛ ክዳኗን አስከፍተህ እይ። ውስጡ የተቆረጠ ሽቦ፣ የተጨመረ ዕቃ፣ የተንጨፈጨፈ ስታኞ ካለ ተወው። ንጹሕ ከሆነ ከ9 ሺህ አትለፍ።

የደጀኑ

ወረቀቱስ? ወረቀቱን ማንም አላነሳም።

የጣናው ልጅ

የደጀኑ፣ አንስቻለሁ። ዘመድየው የገባበትን የጉምሩክ ወረቀት ሻጩ አለኝ ብሎ ነበር። ዛሬ አመጣው፣ ሬዲዮው ተጽፎበታል። አንቴና ከመስቀሌ በፊትም የሚመለከተውን ክፍል ጠይቄ ነው። እስከዚያ በራሷ አንቴና ቤት ውስጥ ብቻ።

ክዳኑንም አስከፈትኩ። ውስጡ ንጹሕ ነው። ብሎኑን ያላጠው ሰው የዲስፕሌዩን ገመድ ሊነካካ ሞክሮ የተወ ይመስላል። በ8 ሺህ 500 ተስማማን።

ፈቃዱ ካለቀልኝ አንቴናውን በምን ልሥራ?

መምህርት ሞጣ

እንኳን ደስ ያለህ! አንቴናውን አትግዛ። ለአውሮፕላን ባንድ መሃሉን 127 ሜጋ ኸርዝ አድርገህ ብትወስድ የሞገዱ ሩብ 59 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ሽቦ ላይ ትንሽ አጠር ይላልና 57 በለው። አንድ የመዳብ ሽቦ 57 ሳንቲ ወደ ላይ፣ አራት እንዲሁ ያሉ ወደ ታች ዘምበል አድርገህ። የላይኛው ከገመዱ መሃል ሽቦ ጋር፣ አራቱ ከውጭኛው መረብ ጋር ይያያዛሉ። ገመዱ የዲሽ ገመድ ይሁን። ለመስማት ብቻ ስለሆነ 75 ኦም መሆኑ አይጎዳህም። ከዲሽ መሰኪያ ወደ ሬዲዮዋ መሰኪያ የሚቀይር ትንሽ አስማሚ ያስፈልግሃል።

ዳንግላ 12 ቮልት

ክረምት ሲገባ ደመናውን ካየህ ገመዱን ከሬዲዮው ነቅለህ ከቤት ውጭ አድርገው። መስኮት ሥር ትተኸው አትሂድ። ጎጃም ላይ መብረቅ ቀልድ አያውቅም።

ዝም ያለ

ዶንግሉን ተውኩት። እንጅባራ ፈረስ፣ ያቺን ቤርካት ትሸጣታለህ?

እንጅባራ ፈረስ

ባትሪዋን ላስጠግንና ዋጋዋ ይጨምራል፣ ሃሃ።

ጋሽ ሞገድ

የጣናው ልጅ፣ አንድ ነገር ቀረ። ያን የተጠገነ የአሜሪካ ገመድ ዛሬውኑ ከሥሩ ቁረጠው፤ ቤት ውስጥ ልጅ ወይም እንግዳ አይቶ ዲቫይደር ላይ ይሰካዋል። የተቆረጠውን ጫፍም ለየብቻው በፕላስተር ጠቅልለው። የ13.8ቱን ገመድ ደግሞ ቀይና ጥቁር አድርገህ ሥራው።